የዳኛው መያዣ

በቀደም አንድ ካፌ ገብቼ ለስላሳ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ጠርሙሱን ስትከፍት ቆርኪው አመለጣትና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ በጠርዙ ትንሽ ዞረ፣ ተርገበገበ፣ ከዚያ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ አረፈ። «አንድ!» አልኩ፣ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ። ልጅቷ ደንግጣ «ምን ጎደለ እትዬ?» አለችኝ። ምንም አልጎደለም አልኳት። ውሸቴን ነው። አራት ጎድሎ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት የጮኽኩብሽም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ እደርስበታለሁ። ታውቂኛለሽ፣ እኔ ነገር ከጀመርኩ አላሳጥርም።

አባቴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ከፊት፣ መንገዱ ላይ፣ ሁለት የስፌት መኪናዎች ነበሩት፤ ከኋላ ደግሞ ጨርቅ የሚቆርጥበት ክፍል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመቁረጫው ጠረጴዛ ስለማይፈለግ የእኛ ይሆናል። ያ ክፍል ይሸተኛል እስከ ዛሬ፤ የከሰል ካውያ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ጠረን፣ የጠመኔ አቧራ፣ የአባቴ ሲጋራ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በትንሿ መስኮት ገብታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ቤቱ አሁን የለም። በዚያ ሳልፍ አበባ ተተክሎበት አየሁ፤ አበባውን አልጠላሁትም፣ ግን ቆሜም አላየሁት።

የጨዋታችን ስም ሲራራ ነበር። ድሮ ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተሰባስቦ፣ ወራት ሙሉ የሚጓዘው ጉዞ ሲራራ ይባል የለ? እኛም ሁለት ወገን ሆነን ከጅማ ተነስተን ምጽዋ ለመድረስ እንሽቀዳደማለን። ካርታው ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በእጅ የተሳለ ነው። እያንዳንዳችን ሰው እንሆናለን። እኔ ነጋድራስ ነበርኩ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጠጉሬ ሁለት ጉንጉን ነው፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አርባ በቅሎ የማዝ ጢማም ነጋዴ ነኝ፤ ማንም አይስቅም። ዳኛው ሳይቀር አንቱ ይለኛል። «ነጋድራስ፣ ከፊትዎ ወንዝ አለ፤ ሞልቷል። ምን ያደርጋሉ?» የማደርገውን እናገራለሁ። ዳኛው ነገሩን ይመዝንና ቁጥር ይጠራል። «ሦስት» ካለ፣ ከምጥላቸው አምስት ቆርኪዎች ቢያንስ ሦስቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ ማድረግ አለባቸው፤ አለዚያ ውኃው በቅሎዬን ይበላል። ቁጥሩ የሚጠራው ቆርኪው ሳይጣል ነው። «ከተጣለ በኋላማ ማንም ያውቃል» ይል ነበር ዳኛው።

ጨዋታውን የፈጠረውም እሱ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመቱ፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀጭን፣ ሲያስብ የታችኛ ከንፈሩን የሚነክስ ልጅ። እናቱ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ጧፍ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ጋ እየተቀመጠ የጥንት ሙግት ሲሰማ ነው ያደገው። ሕጎቻችን ሁሉ ከሽማግሌው አፍ የተቀዱ ናቸው።

የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ ጨዋታው ባለበት ቀጥ ይላል። ቆርኪ አየር ላይ ቢሆን እንኳ ሲወድቅ አይቆጠርም። ሽማግሌው እንደነገሩን በእሳቸው ልጅነት ሜዳ ለሜዳ የሚሸሽ ሌባ እንኳ ይህን ቃል ሲሰማ እግሩ ይያዛል። ከዚያ ዳኛው ምክንያቱን ይናገራል፤ ምክንያት የሌለው ፍርድ አይጸናም። በምክንያቱ ካልተስማማን ሕጉ የተጻፈበት ደብተር ይመጣል። ደብተሩ እኛ ጋ አይቀመጥም፣ ማንም እንዳይሰርዝ እንዳይደልዝ ሽማግሌው ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ሄዶ ማምጣት የሚችለውም ዳኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሽማግሌው በቁም ጽሕፈታቸው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ብለው ጽፈውልናል።

ደግሞ መያዣ አለ። ጨዋታ ሳያልቅ ከክፍሉ የሚወጣ ሰው፣ ዳኛም ቢሆን፣ እመለሳለሁ ለማለት ያለሱ የማይሆንለትን ነገር ትቶ ይወጣል። መያዣውን የሚቀበለው ባላጋራ ነው፤ የሚመልሰውም ለባለቤቱ ብቻ ነው፣ ለእናቱም ቢሆን አይሰጥም። አንዴ ከእሪ በከንቱ ሰፈር የሚመጣው ልጅ አንድ እግር ጫማውን ትቶ ዳቦ ሊገዛ ሲያነክስ ሄዶ የሰፈር ሰው «ምነው፣ ምን አገኘህ?» እያለ ሲያዝንለት ነበር። ስቀን ሞትን።

የእሪ በከንቱው ልጅ ባላጋራዬ ነው፣ የሌላው ሲራራ አለቃ። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ሲሸነፍ የማይከፋው ልጅ፤ ይህ ጠባዩ ያናድደኝ ነበር። እኔ ሽንፈት አልወድም። ከዚያም በላይ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ አልወድም፤ ፍርድ ተጓደለብኝ ብዬ ካሰብኩ እንቅልፍ የለኝም። አባቴ «አንቺ ልጅ፣ ያገባሽ ሰው ጠበቃ ይዞ ነው የሚያድረው» ይለኝ ነበር።

አባቴ ጨዋታውን አልከለከለንም። ካርታውን ግን ፈራው። «ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በሙሉ ተስሎበታል! የቀበሌ ሰው ቢያየው ምን ልትሉት ነው? በቅሎ ነው ልትሉት ነው?» ጊዜው የደርግ ነው፤ ሰሜኑ ጦርነት ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሲያበቃ ካርታውን የካኪ ጣቃ ውስጥ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ያወጣዋል።

የዚያ ቀን ጨዋታ የመጨረሻው ነበር። ዳኛው ለማትሪክ ሊያጠና ሊተወን ነው፤ ያሸነፈ ወንበሩን ይወርሳል ተብሏል። ወንበሩ ባለሦስት እግር በርጩማ ነው፣ አንዱ እግሩም የላላ። እንዴት እንደፈለግኩት ልነግርሽ አልችልም። ሴት ዳኛ በሰፈራችን ማንም አይቶ አያውቅም። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ድምፄን አወፍሬ «ምክንያቱን ስሙ» እያልኩ እለማመድ ነበር።

ዝናብ ጥሎ አባርቷል። እኔ አባይ ላይ ደረስኩ። ሞልቷል አለኝ ዳኛው። «እገባለሁ» አልኩ፣ ቸኩዬ። «ሦስት» አለ። ጣልኩ፤ ሁለት። ዐሥራ ሁለት በቅሎ ውኃ በላብኝ። ምንም አላልኩም፤ በፍርድ የሄደች በቅሎ ናት። ቀጥሎ የእሪ በከንቱው ልጅ እዚያው ወንዝ ላይ ደረሰ። ጆሮውን አከክ አደረገና «እኔ እንኳ መጀመሪያ የአገሩን ሰው መሻገሪያው የት ነው ብዬ እጠይቃለሁ» አለ። ዳኛው ከንፈሩን ነከሰ። «ሁለት» አለ።

«በሕግ አምላክ!»

ቆርኪዎቹ ልጁ መዳፍ ውስጥ ቀሩ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ቆሜያለሁ። «አንድ ወንዝ ነው! ያው አባይ፣ ያው ጎርፍ! ለኔ ሦስት፣ ለሱ ሁለት? አዳላህ!»

ያን ቃል ከዚያ በፊት ማንም ብሎት አያውቅም። ፊቱ ቀስ ብሎ አመድ ሲለብስ አየሁ፤ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ሲመልስ ግን ድምፁ አልተለወጠም።

«ምክንያቱ ይሄ ነው። ጠይቋል። የጠየቀ አንድ ይቀነስለታል። ደብተሩ ላይ አለ።»

«የለም!»

«አለ።»

«እንግዲያው ይምጣ!»

የእሪ በከንቱው ልጅ «ኧረ በናታችሁ!» አለ። «ሦስት ይሁንብኝ! በሦስትም እሻገራለሁ፣ ደሞ ለወንዝ!» እዚህ ላይ ማብቃት ይችል ነበር። ሁልጊዜ እዚህ ላይ እመለሳለሁ። ዳኛው ግን ራሱን ነቀነቀ። «በችሮታ አይሆንም» አለ፤ «በደል ተብሏል፣ ደብተሩ ይታያል።» ሁለታችንም እልኸኞች ነበርን፤ እኔ በእልኼ፣ እሱ በእውነቱ።

ቆርኪዎቹን ተቀብሎ ሱሪው ኪስ ከተታቸውና ወደ በሩ ሄደ። ያኔ ነው እጄን የዘረጋሁት።

«መያዣ።»

ሳቀ። ኮቱን አወለቀ። የአባቱ ኮት ነበር፣ አባቱ ከሞተ በኋላ እናቱ አምጥታ አባቴ ገልብጦ የሰፋለት፤ ውስጡ ውጭ ሆኖ እንደ አዲስ ያበራ ነበር። ከዚያ ሌላ ኮት የለውም። ሁለት እጄ ላይ አኖረልኝ፤ ሙቀቱ ይሰማኛል። «ሃያ ደቂቃ ነጋድራስ፤ በቅሎዎን እንዳይሸጡት» አለኝና በሸሚዝ ወጣ። ኮቱን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልኩት።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። የእሪ በከንቱው ልጅና እኔ ተኳርፈን ካርታው ላይ አፈጠጥን። ካውያው በረደ። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ላይ ወርዳ ወለሉ ላይ አረፈች። አርባ ደቂቃ። ከፊት በኩል የአባቴ መኪና ዝም አለ፤ ከዚያ መንገዱ ዝም አለ፤ ከዚያ የሱቆቹ የላሜራ በር ተራ በተራ ሲወርድ ሰማን፣ ከላይ ጀምሮ፣ ወደኛ እየቀረበ። አባቴ በመጋረጃው ብቅ ብሎ የእሪ በከንቱውን ልጅ አየው።

«እንዳትወጣ። አፈሳ ነው።»

አፈሳ ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂም፤ እንኳንም አላወቅሽ። ለጦርነቱ ወጣት ሲያስፈልግ ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከሻይ ቤት ይለቀማል፣ ቀበሌ ይታጎራል፣ በካሚዮን ይጫናል። ተማሪ የሆነ የትምህርት ቤት መታወቂያውን ካሳየ ይለቀቃል። በዚያ ዘመን በየቤቱ በር ላይ እናት ለልጇ ከደህና ሁን በፊት የምትለው «መታወቂያህን ይዘሃል?» ነው።

ኮቱን አየሁት።

እንዴት ብዬ ልንገርሽ? የእሪ በከንቱው ልጅም አየው፤ ሁለታችንም ከመቀመጫችን አልተነሳንም፣ ካልተነሳን ነገሩ የማይሆን መስሎን። ከዚያ ተነስቼ የውስጥ ኪሱ እጄን ሰደድኩ። እዚያው ነበረች። ትንሽ ካርቶን፣ ማኅተሙ ግማሽ ፊቱን የሸፈነው ፎቶ። መታወቂያውን ከላዩ ላይ የገፈፍኩት እኔ ነኝ። በሕግ ገፈፍኩት፣ እሱ ራሱ ባወጣው ሕግ፣ እጄን ዘርግቼ።

ሽማግሌው የመጡት ያኔ ነው። ያለ ባርኔጣ ነበሩ፤ ያለ ባርኔጣ አይቻቸው አላውቅም። ደብተሩን ብብታቸው ሥር ይዘዋል። «ጃንጥላዬ ጋ ሊደርስ ዐሥር እርምጃ ሲቀረው» አሉ፤ ትንፋሻቸው አልበቃ ብሎ ግድግዳውን ያዙ። «ልጄ ነው አልኳቸው። ተማሪ ነው አልኳቸው። መታወቂያ አሉት። ኪሱን ዳሰሰ፣ ዳሰሰ... ቆርኪ አወጣ። ሳቁበት።»

አባቴ ሲጠራኝ እየሰማሁ ወጣሁ። ኮቱን አቅፌ፣ መታወቂያዋን በጥርሴ ይዤ። ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ተበጠሰ፤ ትቼው ሮጥኩ። ፒያሳ በዚያ ሰዓት ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የኬክ ቤቱ ወንበሮች እንኳ ወድቀው አንሺ አጥተዋል። ቀበሌው በር ላይ ካሚዮኑ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ እናቶች አጥሩን ይዘው ይጮሃሉ። ላዩ ላይ ያሉት ልጆች ግን ዝም ብለዋል። የዳኛውን ሸሚዝ አየሁት፣ ከኋላ በኩል፣ ከካሚዮኑ ጎን ተጣብቆ የተቀመጠ።

በሩ ላይ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች ነበሩ፣ አንዱ ሽበታም፣ አንዱ ጎረምሳ። «መታወቂያው ይሄው! ተማሪ ነው! ይሄው!» አልኩ። ጎረምሳው አላየኝም። «እጁ ላይ ያልተገኘ አይቆጠርም» አለ። ሽበታሙ የካሚዮኑን የኋላ ሳንቃ ሊዘጋ እጁን አነሳ።

«በሕግ አምላክ!»

ከሆዴ ነው የወጣው። እናቶቹ ሳይቀሩ ዝም አሉ። ሽበታሙም ቆመ! እውነቴን ነው፣ ቆመ። እጁ ሳንቃው ላይ እንዳለ፣ አንድ እግሩ እንደተነሳ፣ በልጅነቱ የሰማውን የሰማ ሰው ሆኖ ደርቆ ቀረ። ዞሮ አየኝ። ፊቱ ላይ ድንጋጤ ነበር፣ ከእኔም የባሰ። አንድ ቅጽበት፣ በጣም አጭር፣ ሕጉ የሠራ መሰለኝ። ከዚያ ጎረምሳው «አባባ፣ ምን ሆኑ? ይዝጉት እንጂ!» አለው። ሽበታሙ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። ሳንቃውን ዘጋው።

በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ሰው ሲሞትም አይቻለሁ። እንደዚያ ሳንቃ ድምፅ ግን ያስደነገጠኝ የለም። ቃሉን የሚያውቅ ሰው ነው የዘጋው።

ካሚዮኑ ሲንቀሳቀስ ዳኛው አየኝ። ኮቱን ወደ ላይ ወረወርኩለት ወይስ ልወረውር ነበር፣ አላስታውስም። እጁን ሲያወናጭፍ ግን አስታውሳለሁ፤ «ያዢው!» እያለ። «መያዣ ነው! ያዢው!» ሳቅ ብሎ ነበር። እኔን ለማጽናናት እንደሆነ ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

በባዶ እግሬ ስመለስ የእሪ በከንቱው ልጅ ካርታው ፊት እንደተቀመጠ ነው። ደብተሩን ገልጦ ነበር። ስገባ ዘጋው።

«ምን ይላል?»

«ተይው።»

«ምን ይላል አልኩህ!»

«ምንም አይልም። የለም። አንቺ ነሽ ልክ» አለ፤ ያ ቀልደኛ ልጅ እያለቀሰ። ውሸት አይችልበትም። ነጥቄው ገለጥኩ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነበር፦ ጠይቆ የገባ ሳይጠይቅ ከገባ አንድ ይቀነስለታል። ያስደነገጠኝ ይህ አይደለም። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። የ«ቀ» እግሯን ጠምዝዤ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም። ከዓመት በፊት አንድ ኬላ ላይ ቀረጥ ተቀባዩን አስቀድሜ አነጋግሬ፣ ይቀነስልኝ ብዬ ተሟግቼ፣ ረትቼ፣ ሕግ ይሁን ብዬ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ሲጠቅመኝ ሕግ መሆኑን ረስቼው ነበር፤ እንዲሁ የሚገባኝ ነገር መስሎኝ ነበር። እሱ አልረሳውም። አንቺው ጻፍሽው ማለት ይችል ነበር፤ አላለም፣ ደብተሩ ይናገር ብሎ ሄደ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ መጥቶ አነሳኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጻፉ፤ በዕድሜያቸው የጻፉት ምርጡ ነው አሉ። አባቴና የዳኛው እናት መታወቂያውንና ማመልከቻውን ይዘው ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። ማኅተም የተመታበት ወረቀት እየጨመረ ሄደ፣ ልጁ ግን አልመጣም። በመጨረሻ አባቴ መታወቂያውን ኮቱ ኪስ መልሶ ሰቀለው።

በአራተኛው ወር በአባቴ ሱቅ አድራሻ ደብዳቤ መጣ፣ ከሲጋራ ፓኬት የተቀደደ ወረቀት ላይ። «ለክቡር ነጋድራስ። ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብተሩን ሳላየው ቀረሁ። ምን ይላል? ተሳስቼ ከሆነ ያሳውቁኝ፣ ፍርዱን አነሳለሁ።» ሌላ ምንም የለውም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ይቅርታ ስጽፍ አስጠላኝ፤ ይቅርታ የሚበቃው ነገር አልነበረም። በመጨረሻ የላክሁት አጭር ነው፦ ልክ ነበርክ፤ ዘጠነኛው ገጽ ላይ አለ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መልሱ ዘገየ። ሲመጣ ካርታችን ላይ ሁለተኛው ኬላ ካለባት ከተማ ነበር የተላከው። ያቺን ከተማ በጣቴ ስንት ጊዜ አልፌባታለሁ። እንዲህ ይላል፦ «እንግዲያው የእሪ በከንቱው ልጅ ሲራራ ይሻገር። ወንበሩ ግን የነጋድራስ ነው። ምክንያት አልጽፍም።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ለእያንዳንዱ ቆርኪ ምክንያት የሚሰጥ ልጅ፣ ምክንያት የሌለው ፍርድ አይጸናም ያለ ልጅ፣ ምክንያት አልጽፍም አለ። አዳላ። በሕይወቱ አንዴ አዳላ፣ ያውም አዳላህ ላለችው። በሕግ አምላክ ልል ይገባኝ ነበር። አላልኩም፤ ደብዳቤውን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። በርጩማው ላይ ግን ተቀምጬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ወታደሩ በእግሩ ወደ ከተማ ጎረፈ። ጫማ የሌለው፣ የቆሰለ፣ በየደጁ ውኃ የሚለምን። እኔ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ከእናቱ ጎን ቆሜ ፊት ሳይ እውላለሁ፤ እሷ ጧፏን ትሸጣለች፣ እኔ አያለሁ። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ። ሰልፉ ሳሳ፣ ከዚያ ቆመ። በኅዳር ኮቱን ከሚስማሩ አወረድኩ፣ አጠብኩት፣ ተኮስኩት፣ ይዤላት ሄድኩ። ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

«እትዬ፣ ይሄ የእርስዎ ነው» አልኳት።

በእጇ አልነካችውም። ጨርቁን ብቻ አየችው፣ የባሏን ኮት፣ የልጇን ኮት። ሕጋችንን አንድ በአንድ ነግሬያት ነበር፣ ምንም ሳላስቀር።

«ከወሰድኩትማ መያዣው ተነሳ ማለት አይደል ልጄ?» አለችኝ። «መያዣ የሌለበት ሰው ምን ብሎ ይመለሳል? አንቺ ጋ ይሰቀል።»

እሷም ካረፈች ስንት ዓመቷ። ከዚያ ወዲህ ኮቱን የምወስድለትም የምመልስለትም ሰው የለኝም፤ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ፀሐይ አሰጣዋለሁ፣ መልሼ እሰቅለዋለሁ። መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ነው።

እና ማክሰኞ ዕለት፣ ልዋጭ ሲጠራ፣ ይሄን አሮጌ ኮት በሳህን ልለውጠው ብለሽ ከቁም ሣጥኑ ስታወርጂው የጮኽኩት ለዚህ ነው። ምን ብዬ እንደጮኽኩም ሰምተሻል። አንቺ ግን ቆምሽ፣ ልጄ፤ እጅሽ በሩ ላይ እንዳለ ቆምሽ።

በይ አሁን መልሰሽ ስቀይው።